የስምንት ዓመት ልጅና ድሮን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ በቅርቡ ስምንት ዓመት ሞላው። ለልደቱ አጎቱ፣ የእኔ ታናሽ ወንድም፣ በሪሞት የምትበር ትንሽ ድሮን ገዝቶለት መጣ። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ “እማዬ፣ ዛሬ እናበራታለን?” ይለኛል። እኔን ግን ሁለት ነገር ያስፈራኛል። አንደኛው የሚሽከረከሩት ነገሮች የእሱን ወይም የሁለት ዓመት እህቱን ዓይን እንዳይጎዱ ነው። ሁለተኛው ጎረቤታችን “እዚህ አካባቢ ድሮን ማብረር በሕግ ያስጠይቃል” ማለታቸው ነው። ወንድሜ በበኩሉ “መጫወቻ እኮ ነው፣ የምን ሕግ ነው?” ይላል። እኔ ስለ ድሮን የማውቀው ነገር የለም። ልጄን ከየት ጀምሬ፣ እንዴት ላስተምረው? — የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ ጎረቤትዎ እውነታቸውን ነው። ወንድምዎም ይህን ያሉት በሌላ ከተማ የሚፈቀደው እዚህም የሚፈቀድ መስሏቸው ይሆናል። ከሕጉ የምጀምረው ልጅዎን የት እንደሚያስተምሩት የሚወስነው እሱ ስለሆነ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያለው ሰማይ እንደ ሌላው የአሜሪካ ከተማ ሰማይ አይደለም። ከሬገን ብሔራዊ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በየአቅጣጫው እስከ 30 ማይል የሚደርሰው ክልል ልዩ የበረራ ደንብ የሚሠራበት ነው፤ በዚያ ውስጥ እስከ 15 ማይል ድረስ ያለው ቀለበት ደግሞ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በተለይ ካልፈቀደ በቀር ማንኛውም ድሮን ከቤት ውጭ እንዳይበር የተከለከለበት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ሲለካ የሚርቀው 10 ማይል ያህል ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት አሌክሳንድሪያማ ከዚያም ትቀርባለች። የድሮኗ ማነስ ከዚህ አያድንም። “ከ250 ግራም በታች ከሆነ ሕግ አይነካውም” የሚባለው ከምዝገባ ነጻ መሆንን ከሁሉም ነገር ነጻ ከመሆን ጋር ካለመለየት የመጣ ስሕተት ነው። ስለዚህ በጓሮዎም ሆነ በሰፈሩ መናፈሻ ለአምስት ደቂቃ እንኳ እንዳታበሯት።

ይህ ለልጅዎ መርዶ መምሰሉ ይገባኛል፤ ነገር ግን አይደለም። የአቪዬሽን ደንቡ የሚገዛው የውጭውን ሰማይ ነው፤ ከጣሪያ በታች ያለው አየር የእናንተ ነው። ለጀማሪ ደግሞ ቤት ከሜዳ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው። ውጭ ቢሆን ቀላል ነፋስ እንኳ እንዲህ ያለችውን ቀላል ድሮን ገፍቶ ይወስዳታል፤ ልጁም የራሱን ስሕተት ከነፋሱ ሥራ መለየት ያቅተዋል። ቤት ውስጥ ግን ድሮኗ ወደ ግራ ከሄደች ወደ ግራ የወሰዳት እሱ ነው። ሳሎናችሁ ጠባብ ከሆነ የቤተ ክርስቲያን ወይም የማኅበር አዳራሽ ሰው በሌለበት ሰዓት አስፈቅዶ መጠቀም ይቻላል። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ልጆችን የማስተምረው ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ በተጠጉበት አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ለዓመታት ሌላ ቦታ አላስፈለገንም።

አሁን ድሮኗን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጧትና ከልጅዎ ጋር ተቀምጣችሁ ተመልከቷት። ባትሪው አይግባ። መጀመሪያ በአራቱ ማዕዘን ያሉትን ፕሮፔለሮች፣ ማለትም የሚሽከረከሩትን ትንንሽ ክንፎች፣ በጣት እያዟዟራችሁ አንዱም ያልተሰነጠቀ፣ ያልተጣመመ፣ ከሞተሩም ያልላላ መሆኑን አረጋግጡ። ቀጥሎ በፕሮፔለሮቹ ዙሪያ መከላከያ ቀለበት ወይም ሙሉ ሽፋን እንዳላት ተመልከቱ። ከሌላት ለዚህ ዕድሜ አትሆንም፤ መከላከያ ያላትን ብትለውጡለት ይሻላል። ሦስተኛ ሪሞቱ ላይ ሞተሮቹን በቅጽበት የሚያጠፋው የአደጋ ማቆሚያ የቱ እንደሆነ ከመመሪያው ፈልጋችሁ አግኙ። አንዳንዱ አንድ ቁልፍ ነው፤ በሌላው በአውራ ጣት የሚገፉት ሁለቱ ዘንጎች በአንድ ጊዜ ወደ ታችና ወደ ውስጥ ተይዘው የሚሠራ ነው። ልጅዎ ይህን ዓይኑን ጨፍኖ ማግኘት እስኪችል ድረስ ባትሪው አይግባ ብል አላጋነንኩም።

ስለ ዓይን መፍራትዎ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እንግሊዝ ውስጥ አንድ ሰው የሚያበራት ድሮን ዛፍ ነክታ ሚዛኗን ስታ ስትወድቅ፣ አጠገቡ የነበረ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በፕሮፔለሩ ተመትቶ አንድ ዓይኑን አጥቷል። ያቺ ድሮን ከልጅዎ መጫወቻ የምትበልጥና የምትከብድ ነበረች፤ አብራሪውም ልምድ ያለው ዐዋቂ ነበር። እኔ ከዚያ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ ሕፃኑ የተጎዳው ድሮኗ ልትደርስበት በምትችልበት ቦታ ስለነበረ ነው። ስለዚህ ትንሿ ልጅዎ ድሮኗ በምትነሣበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አትኑር። በወላጅ ጭን ላይ መቀመጧ በቂ አይደለም፤ በሩ ተዘግቶ ሌላ ሰው በሌላ ክፍል ይያዛት። ያ ሰው ከሌለ እንቅልፍ እስኪወስዳት ይቆያል። ልጅዎም፣ እርስዎም የፕላስቲክ መከላከያ መነጽር አድርጉ፤ ከመሣሪያ መሸጫ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ረጅም ጸጉር ያላት ልጅ ከሆነች፣ የተሠራች ብትሆንም እንኳ፣ ጸጉሯ ወደ ኋላ ታስሮ በሻሽ ይሸፈን። ፕሮፔለር ጸጉር ከያዘ በመጠምጠም እስከ ራስ ቆዳ ድረስ ይስባልና። ነጠላ ለብሶ ማብረርም ማገዝም አይገባም፤ ቀጫጭኑ የነጠላ ዘርፍ ሞተር ውስጥ ሲጠመጠም በመቀስ ካልሆነ አይወጣም።

አሁን ወደ ማስተማሩ እንምጣ። የራሴን ልጅ ያስተማርኩት በስሕተት ነበር። ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እኔም እንደ ብዙ ወላጅ መጀመሪያ ያሳየኋት ማንሣትን ነው። ድሮኗ ሽው ብላ ስትነሣ ልጄ ደነገጠች፤ የደነገጠ ልጅ የያዘውን ያጠብቃልና የግራውን ዘንግ ወደ ላይ እንደገፋች ቀረች። ድሮኗ ጣሪያ ላይ ተለጠፈች፤ ጣሪያ አጠገብ የደረሰች ድሮን ከላይዋ ያለውን አየር ስለምትስበው ወደ ጣሪያው ትጠባለች፣ ዘንጉን ትንሽ ዝቅ ማድረግም ወዲያው አያወርዳትም። ከዚያ በአንድ ጊዜ ወርዳ ረከቦቱ ላይ ወደቀች። ሲኒዎቹ ተሰበሩ፤ ልጄ ግን ያለቀሰችው ለሲኒዎቹ አልነበረም። “እንዴት እንደማወርዳት አላሳየኸኝም” አለችኝ። ልክ ነበረች። ከዚያ በኋላ ለማንም ልጅ ማሳረፍን ሳላስተምር ማንሣትን አስተምሬ አላውቅም።

ማሳረፍ የሚጀመረው ያለ በረራ ነው። በወለሉ ላይ በቀለም ቴፕ የመሶብ ክዳን የሚያህል ምልክት አድርጉ፤ ምንጣፍ ካለ ምንጣፉ ላይ ይሁን። ልጅዎ ድሮኗን ባትሪ ሳይኖራት በእጁ ይያዛት፤ የኋላዋ ወደ ሆዱ፣ ፊቷ እሱ ወደሚያየው አቅጣጫ ይሁን። እርስዎ “ወደ ፊት፣ ወደ ቀኝ፣ ቁም፣ አሳርፍ” እያሉ ይዘዙት፤ እሱ እየተራመደ ምልክቱ ላይ ያሳርፋት። ከዚያ ሪሞቱን ያንሡና የትኛው ዘንግ ያንን እንደሚሠራ በጣቱ ያሳይዎት። በአብዛኞቹ ድሮኖች የግራው ዘንግ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ባለችበትም ያዞራታል፤ የቀኙ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወስዳታል። ይህ ጨዋታ ልጆችን ያስቃል፣ አሥር ደቂቃም አይፈጅም፤ የሚተክለው ነገር ግን ትልቅ ነው፦ “አሳርፍ” የሚለው ቃል ሲሰማ እጁ ሳያስብ ይሠራል።

ሞተር በሚነሣበት ቀን የማብራቱ ቅደም ተከተል ይጠበቅ። አስቀድሞ ሪሞቱ ይበራል፣ ከዚያ ድሮኗ። ሲያበቃ ግን ቀድማ የምትጠፋው ድሮኗ ናት፤ ሪሞቱ የመጨረሻው ነው። ድሮኗ በርታ ሪሞቱ ከጠፋ የሚያዛት የለምና። ልጁ ከድሮኗ ኋላ፣ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይቁም፤ እርስዎ ከጎኑ፣ እጅዎ ሪሞቱን ሊደርስበት በሚችል ርቀት ይሁኑ። ከልጁ ፊት አይቁሙ፤ ስልክም አይያዙ፤ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሌላ ሰው ይሁን፣ ወይም ለሌላ ቀን ይቆይ።

የመጀመሪያው በረራ እንዲህ ነው፦ እስከ ልጁ ደረት ከፍታ ይነሣ፣ እስከ አሥር ይቆጠር፣ ይረፍ። ሌላ ምንም የለም። ወለሉ አጠገብ፣ ማለትም ከጉልበት በታች፣ ፕሮፔለሮቹ የሚገፉት አየር ተመልሶ ስለሚያናውጣት ድሮኗ አትረጋም፤ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ስትል ግን ትረጋለች። ከሥሯ ካሜራ ያላት ድሮን ወለሉን እያየች ስለምትረጋ የሚያንጸባርቅ ሸክላ ወለልና ደብዛዛ ብርሃን ያሳስታታል፤ ሥርዓተ አልባ ዥንጉርጉር ምንጣፍ ይጠቅማታል። እንዲህ ያለች መጫወቻ በአንድ ባትሪ የምትበረው ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው። ብዙ ወላጆች በዚህ ያማርራሉ፤ እኔ ግን ለስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ የትምህርት ሰዓት ለኪ አላየሁም። አንድ ባትሪ አንድ ትምህርት ነው። ባትሪው ሲያልቅ ትምህርቱ አለቀ፤ ተጨማሪ ባትሪ ካለም ለነገ ይቀመጥ፤ የደከመ ልጅ የሚማረው ስሕተትን ነውና።

ድሮኗ ግድግዳ ብትነካ ልጁ ወዲያው የአደጋ ማቆሚያውን ይጠቀም፤ ትውደቅ። ከደረት ከፍታ የወደቀች ቀላል ድሮን ብዙ ጊዜ አትሰበርም። ልጁ “እንዳትሰበር” ብሎ በእጁ ሊይዛት መሮጡ ነው አደጋው። ይህን ደጋግመው ይንገሩት፦ የምትወድቅ ድሮን አትያዝም። ካረፈችም በኋላ አራቱም ፕሮፔለሮች ቀጥ እስኪሉ ድረስ ማንም አይጠጋት። ቅዳሜ ቅዳሜ የማስተምራቸው ልጆች ድሮኗ ስትቆም “ቆማለች!” ብለው ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ይህ ሳይባል ከመስመሩ የሚያልፍ የለም። አንድ ቀን የአምስት ዓመት ታናሽ ወንድሙን ይዞ የመጣ አንድ ልጅ፣ ትንሹ ሊሮጥ ሲል ክንዱን ይዞ “ገና አልቆመችም” ሲለው ሰማሁ። ያ ልጅ ከዚያ በፊት ለሦስት ሳምንት ከማንሣትና ከማሳረፍ ያለፈ አላበረረም ነበር።

ማሳረፉ ከተለመደ በኋላ አራት ማዕዘን መሥራት ይቀጥላል፦ ወደ ፊት፣ ቁም፤ ወደ ቀኝ፣ ቁም፤ ወደ ኋላ፣ ቁም፤ ወደ ግራ፣ አሳርፍ። ፊቷ ሁልጊዜ ወደ ፊት፣ ጀርባዋ ወደ ልጁ ይሁን። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ግን ዐዋቂንም የሚያታልል ነው። ድሮኗ ዞራ ፊቷን ወደ አብራሪው ስታደርግ ግራና ቀኝ ይገለበጣል፤ ልጁ ወደ ቀኝ ሲገፋ ወደ ራሱ ግራ ትሄድበታለች። ብዙ ግጭት የሚደርሰው በዚች ቅጽበት ነው። ስለዚህ በረራ ላይ ከማድረጉ በፊት እንደገና ድሮኗን በእጃችሁ ያዙ፤ አሁን እርስዎ ይያዟትና ፊቷን ወደ እሱ አዙረው እንደ ሪሞቱ ትእዛዝ ይራመዱ። ልጁ ሲሳሳት የሚሄዱት እርስዎ ስለሆኑ ይስቃል፣ ይማራልም። አቅጣጫ የማይገለብጥ ልዩ ቅንብር ያላቸው ድሮኖች አሉ፤ መጀመሪያ ላይ ሊረዳ ይችላል፤ እኔ ግን ልጆች እሱን ከለመዱ በኋላ መተው ስለሚያቅታቸው አላበረታታም።

ውጭ ማብረር የሚባለው ነገር ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ለእናንተም በመኪና ከተጓዛችሁ በኋላ የሚመጣ ነው። ከ15 ማይሉ ቀለበት ወጥቶ፣ እስከ 30 ማይል ባለው ክልል ደንቡን ጠብቆ፣ ከዚያም ርቆ በሰፊው ማብረር ይቻላል። ቦታው የተፈቀደ መሆን አለመሆኑን ቢፎር ዩ ፍላይ የተባለው የስልክ አገልግሎት ካርታ ላይ ያሳያል። ብሔራዊ ፓርኮች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ድሮን ከልክለዋል፤ የካውንቲና የከተማ መናፈሻዎችም የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው መናፈሻውን ደውሎ መጠየቅ ይገባል። ከፍታው ከ400 ጫማ፣ ማለትም ወደ 120 ሜትር ከሚሆነው፣ እንዳያልፍ ሕጉ ያዛል፤ ለልጅ ግን እኔ ከቤት ጣሪያ ከፍታ አላሳልፍም። አብራሪው ድሮኗን በዓይኑ ማየት አለበት። ስልክ ላይ በሚታየው ምስል ብቻ ማብረር ይህን አያሟላም።

ለመዝናናት የሚያበር ሁሉ፣ ልጅም ቢሆን፣ ትረስት የሚባለውን የደኅንነት ፈተና ማለፍና ማስረጃውን መያዝ አለበት። ፈተናው በኢንተርኔት የሚሰጥ፣ ክፍያ የሌለው፣ የዕድሜ ገደብም የሌለበት ነው፤ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ትክክለኛው ተብራርቶ እንደገና ይጠየቃል። አብራችሁ ተቀምጣችሁ እርስዎም ልጅዎም ውሰዱት። ጥያቄዎቹን በአማርኛ እየተረጎሙ ቢያስረዱት ምን እንደተባለ ይገባዋል፤ እርስዎም ሕጉን ከእሱ ጋር ይማራሉ። ድሮኗ ከ250 ግራም የምትበልጥ ከሆነች መመዝገብ አለባት፤ ክፍያው 5 ዶላር ሲሆን ለሦስት ዓመት ያገለግላል። መመዝገብ የሚችለው 13 ዓመት የሞላው ስለሆነ በእርስዎ ስም ይሆናል። የምትመዘገብ ድሮን ማንነቷንና ያለችበትን ቦታ በሬዲዮ የምታሳውቅበት መሣሪያም ያስፈልጋታል። አጎቱ ያመጡለት መጫወቻ ምናልባት ከዚህ ሁሉ በታች ናት፤ በኩሽና ሚዛን ከነባትሪዋ መዝኗት።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከፍራንክፈርት ነው። የልጄ ድሮን ባትሪ መሐሉ አካባቢ ትራስ መስሎ ተነፍቷል፤ ግን አሁንም ይሠራል። ሻጩ “የተለመደ ነው” አለኝ። ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጀርመን ውስጥ ዕድሜዋ ይፈቅድላት እንደሆነም አላውቅም። — አባት

መልስ፦ ሻጩ ያለውን አይቀበሉ። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ውስጡ ጋዝ የያዘ፣ ሊቃጠል የሚችል ባትሪ ነው። ዛሬውኑ ከድሮኗ ያውጡት፤ ቻርጅ አያድርጉት፤ አይጫኑት፤ አይብሱት። የማይቃጠል ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በአሸዋ በተሞላ ብረት ድስት ውስጥ አድርገው ከቤት ውጭ ያቆዩትና ከቤት ቆሻሻ ጋር ሳይቀላቅሉ የተበላሹ ባትሪዎችን ለሚቀበል የማስወገጃ ጣቢያ ያስረክቡ፤ ስታስረክቡ ያበጠ መሆኑን ንገሯቸው።

ለወደፊቱ ጥቂት ልማድ ይበቃል። ከበረራ በኋላ ባትሪው ሲነካ ሙቀቱ እስኪጠፋ ቻርጅ አይደረግም። ቻርጅ የሚደረገው ሰው ባለበት ክፍል፣ ከመጋረጃና ከአልጋ ርቆ፣ በራሱ ቻርጀር ነው፤ ሌሊት ተኝተን የሚሞላ ባትሪ አይኑር። ድሮኗ ኃይሏ ሲያንስ መብራቷ ብልጭ ድርግም ሲል ወዲያው ትረፍ፤ “አንድ ዙር ብቻ” እየተባለ እስከ መጨረሻው የተጨመቀ ባትሪ ነው ቀድሞ የሚያብጠው። ሴት ልጅዎ ባትሪውን ከመክተቷ በፊት ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አድርጋ በጣቷ እንድትፈትሽ ያስተምሯት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ አብጧል።

ዕድሜን በተመለከተ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የድሮን አብራሪ መነሻ ዕድሜ 16 ነው፤ አገሮች ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። ሆኖም በአምራቹ መጫወቻ ተብሎ የተፈረጀና በደንቡ የዝቅተኛው ክፍል ምልክት ያለበት ድሮን የዕድሜ ገደብ የለበትም። ከዚያ ውጭ ያለውንም ብቃቱ ያለው ዐዋቂ አጠገብ ቆሞ በቀጥታ እየተቆጣጠረ ልጅ ሊያበረው ይችላል። መጫወቻ ያልሆነ ካሜራ ያለው ድሮን ከሆነ ክብደቱ ከ250 ግራም ቢያንስም እርስዎ እንደ ባለቤት መመዝገብ አለብዎት፤ ካሜራው የጎረቤትን መስኮት ሊያይ ስለሚችል ነው።

ጥያቄ፦ በክረምቱ ዕረፍት ልጆቼን ይዤ አዲስ አበባ ልሄድ ነው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ለአያቱ ድሮኑን ለማሳየት በጉጉት ይጠብቃል። በሻንጣ ይዘን መግባት እንችላለን? — ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ አይውሰዱት። ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ማስገባትና ማብረር የሚቻለው በቅድሚያ ከሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት፣ በተለይም ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ፈቃድ ሲገኝ ነው። ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን ቦሌ ላይ ጉምሩክ ይይዘዋል፤ መጫወቻ ነው ማለት ልጅዎ ፊት የሚደረገውን ክርክር ያረዝመው እንደሆነ እንጂ አያስለቅቀውም።

ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ሌላ የማስብበት ነገር አለኝ፤ ለልጅዎም ሊነገረው የሚገባ ይመስለኛል። ለእሱ ድሮን የልደት ስጦታ ነው። ለብዙ የአገራችን ሰው ግን ይህ ቃል የመጣው ከጦርነት ጋር ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በትግራይ፣ በአማራና በኦሮሚያ ድሮን የጦር መሣሪያ ሆኖ ሲያገለግል ሰላማዊ ሰዎችም ሕይወታቸውን አጥተዋል። ያንን ድምፅ ከሰማይ ሰምቶ ልጁን አቅፎ ወደ ቤት የሮጠ ሰው፣ ወይም ከዚያ የመጣ ዘመድ ያስጠለለ ቤተሰብ፣ ከአያቱ ግቢ አጥር ማዶ ሊኖር ይችላል። የንብ መንጋ የሚመስለው የትንሽ ድሮን ድምፅ ድንገት ሲሰማ ምን እንደሚያስታውሰው እኛ ከሩቅ ያለን ልናውቅለት አንችልም። ልጆች ይህን ሲነገራቸው ይገባቸዋል። “አያትህ ጎረቤት ያለ ሰው በዚህ ነገር ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ድምፁ ያስደነግጠዋል” ቢሉት ይበቃል። ለምን እንደተተወ ያወቀ ልጅ ቅር ቢለውም አይበደልም።

ለአያቱ የሚያሳየው ግን አይጥፋ። ከመጓዛችሁ በፊት ባለው ሳምንት፣ በቤታችሁ ውስጥ፣ ከምንጣፉ ላይ አንሥቶ፣ አራት ማዕዘን ሠርቶ ምልክቱ ላይ ሲያሳርፍ ሌላ ሰው ይቅረጽለት፤ እሱም እያበረረ ሳይሆን ካሳረፈ በኋላ ለአያቱ በአማርኛ ምን እንዳደረገ ይናገር። ስልኩን ለአያቱ ሲያሳይ ጎናቸው ተቀምጦ “እዚህ ጋ ልትወድቅ ነበር፣ አጠፋኋት” እያለ ማስረዳቱ ራሱ ለእሱ አንድ ትምህርት ነው። ድሮኗን ደግሞ ለሁለት ወር ስለምትቀመጥ ባትሪውን አውጡት፤ ሙሉም ባዶም ሳይሆን በግማሽ ተሞልቶ፣ ፀሐይ በማይመታው ቀዝቃዛ ቦታ፣ ሳንቲምና ቁልፍ በሌለበት ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። መስከረም ላይ ስትመለሱ በመጀመሪያ ባትሪው አለማበጡን ፈትሹ፤ ከዚያ ልጁ በቀጥታ ወደ አራት ማዕዘኑ ከመሄዱ በፊት አንድ ሙሉ ባትሪ በማንሣትና በማሳረፍ ብቻ ይጨርስ።